ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን

ኅዳር 5 ቀን 1981፣ ሰኞ

ከፈቃድ ተመለስሁ። አሥር ቀን ሙሉ ደብረ ማርቆስ እናቴ ዘንድ "መቼ ነው የምታገቢ?" ስባል ሰንብቼ የቢሮው ወንበር እንኳ ናፈቀኝ።

የሥራ ባልደረባዬ አገኘሁ ፊቱ በርቷል። በመምሪያው ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ የምንሠራበትም እኔና እሱ ብቻ። እሱ የጣናን የውኃ ልክ ያሰላል፣ እኔ የወጣቶች ምዝገባን እይዛለሁ። "አዲሱን ኮምፓይለር ጫንሁት፤ አራተኛውን ዕትም" አለኝ።

ሦስተኛውስ?

"አጠፋሁት። ዲስኩ ሁለቱን ይችላል ብለሽ ነው?"

አይችልም፤ እውነቱን ነው። ከዲስኩ ግማሹን የእሱ ሐይቅ ጠጥቶታል። ግን የእኔ ፕሮግራም የተጻፈው በአሮጌው ነው... የሰው ዕቃ ሳይጠይቁ መንካት ምን ይሉታል? "አዲሱ የአሮጌውን ሁሉ ያነባል፣ ምን ያንጨረጭርሻል?" አለ። ተውሁት። የአሮጌው ዲስኬት መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ፕሮግራሜን በአዲሱ አሳለፍሁት። አንድም ስሕተት የለም አለኝ። እሰየው።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ልብስ ሳሰጣ እትዬ ነፊሳ ጠሩኝ። ክፍሉን ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። አልጋቸው ላይ ሻንጣ ተከፍቶ አየሁ። የኑርሑሴን ልብስ ነው። አንድ ልጃቸው። አባቱ ከሞተ አምስት ዓመቱ።

"ወረታ አጎቱ ዘንድ ልሰደው ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለውትድርና ሊለቅሙ ነው ይባላል።"

"ዘንድሮ እሱን አይነካውም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ዝርዝሩን የሚያወጣው እኔ የጻፍሁት ፕሮግራም ነዋ! እስከ ጥቅምት 30 አሥራ ስምንት የሞላው ነው የሚጠራ። የእርስዎ ልጅ ገና ነው።"

ገና ነው። አምና ሲመዘገቡ ከእናቶቹ ብዙዎቹ ዓመቱን እንጂ ወሩን አያውቁም ነበር። እትዬ ነፊሳም "ክረምት ነው፣ ወሩን እንጃ" ነው ያሉት። የቀበሌ ጸሐፊዎች ምን እንጻፍ ብለው መጡ። ወሩ ላልታወቀ ሁሉ ጳጉሜን 1 በሉ አልኋቸው። አንደኛ፣ ያልታወቀው በዓይን ይለያል። ሁለተኛ፣ ጳጉሜን የዓመቱ ጭራ ናት፤ ማንም ከዕድሜው ቀድሞ አይጠራም። ለልጆቹ እንዲያደላ ብዬ እኮ ነው! በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ኑርሑሴን ጳጉሜን 1 ቀን 1963 ተብሎ ተጽፏል። አሥራ ስምንት የሚሞላው ዘንድሮ ዓመቱ ሲያልቅ ነው።

"አንቺ ካልሽማ" አሉ። ሻንጣውን ዘግተው አልጋ ሥር ገፉት።

ኑርሑሴን ብስክሌቱን ተደግፎ ይስቃል። ወረታ መሄዱን አልፈለገውም። "ይኼ ኮምፓይለር ኮምፓይለር የምትይው ምንድን ነው?" አለኝ። አስተርጓሚ ነው አልሁት፤ እኔ የጻፍሁትን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይመልሳል። "አንቺ የማሽኑን ቋንቋ ትሰሚያለሽ?" አልሰማም። "ታዲያ ልክ መተርጎሙን በምን ታውቂያለሽ?" የአሥራ አንደኛ ክፍል አፍ! በል ሂድና አጥና አልሁት።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

ዝርዝሩ ወጣ። የመጀመሪያው ዙር፣ የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች። 412 ስም። እኔ ሦስት መቶ ምናምን ነበር የጠበቅሁ። ኃላፊያችን ጓድ አዘዘ ሰማያዊ ካኪውን ለብሶ ማተሚያው ራስ ላይ ቆሟል። "በዛ" አልሁ።

"ቢበዛ ምን ገደደሽ? ጓዶች እየጠበቁ ነው።"

ፈርሞ ይዞት ወጣ። ስሞቹን አላነበብሁም። ስሕተት የለም ተብዬ የለ?

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

ኑርሑሴንን ወሰዱት።

ጠዋት ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ወረቀት ይዘው መጡ። ስሙ አለ። የአባቱ ስም አለ። እትዬ ነፊሳ ጥበቃዎቹን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። "ንገሪያቸው እንጂ! አይደርስበትም ብለሽ የለ?" ነገርኋቸው። "እኛ የምናውቀው ወረቀቱን ነው፣ እቴ" አለኝ አንዱ።

ኑርሑሴን አላለቀሰም። "እማ፣ ተይ በቃ። የሺ ሰኞ ታስተካክለዋለች" አለ። እኔም "ሰኞ" አልሁ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው የሰበሰቧቸው። ዓርብ ይጫናሉ ተባለ።

ሻንጣው ተዘጋጅቶ ነበር እኮ... እኔ ነኝ ያስመለስሁት።

ታኅሣሥ 3፣ ሰኞ

ስሕተቱን አገኘሁት።

የአገኘሁን ሐይቅ በዲስኬት ገልብጬ ከማሽኑ አወጣሁና አሮጌውን ኮምፓይለር መለስሁ። ያው ፕሮግራም፣ ያው መዝገብ። በአሮጌው 341። በአዲሱ 412። ሰባ አንድ ሰው! አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ጳጉሜን 1 ቀን 1963።

አዲሱ ኮምፓይለር የራሱን የቀን ማስያ ይዞ መጥቷል። ስሙ እኔ ከጻፍሁት ጋር አንድ ስለሆነ የእኔን ትቶ የራሱን ይወስዳል። የፈረንጅ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የት ያውቃል? አሥራ ሁለት ከቆጠረ በኋላ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ዓመቱን ግን አይለውጥም። ጳጉሜን 1963ን መስከረም 1963 አደረገው። ልጆቹ አንድ ዓመት አረጁ። ዝም ብሎ! አንድ ቃል ሳይተነፍስ!

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። እኔ ነኝ እሷ። ጳጉሜንን ማን አመጣው? ስሞቹን ሳያነብ ማን ሰጠ?

አገኘሁ ሁለቱን ዝርዝር ሲያይ ላብ አጠመቀው። "እባክሽ የሺ፣ ልጆች አሉኝ። አሻጥር ነው ይሉናል" አለ። አሻጥር... በዚህ ቃል ስንቱ ገብቶ ቀረ።

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ

ለጓድ አዘዘ ነገ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። እንግዳ ነበረበት... ውሸት። ብቻውን ነበር። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም።

እትዬ ነፊሳ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አዳራሹ ምሳ ያመላልሳሉ። ሲመለሱ "ምን አሉሽ?" ይሉኛል። "እየታየ ነው" አልኋቸው። ይህን ቃል ከየት አመጣሁት? ከቢሮ ነዋ።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

ነገ።

ታኅሣሥ 7፣ ዓርብ

ተጫኑ። በቢሮው ሥር ነው ያለፉት። እየዘፈኑ ነበር፤ አስዘፍነዋቸው ይሆናል። ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ታኅሣሥ 10፣ ሰኞ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዛሬ ነገርሁት።

ሁለቱን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ብዙ አየው። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"ማን ያውቃል?"

"እኔና አገኘሁ።"

"አሁን ደግሞ እኔ። ይበቃል።"

"ይመለሱ እንጂ! አሥራ ስምንት አልሞላቸውም።"

"ተቆጥረው ርክክብ ተደርጓል። ስሕተት ነበር ብሎ ማን ይጽፋል? እኔ? የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ጳጉሜን በሉ ያልሽውም አንቺ። ለመሆኑ መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሰኞ።"

"ዛሬ?"

"ያለፈው ሰኞ።"

ፈገግ አለ። "ያን ጊዜ እኮ ልጆቹ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ ጓድ የሺአረግ።"

ያን ፈገግታ እስክሞት አልረሳውም። የሚያንገበግበኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው። ያኔ ብነግረውም አይፈታቸውም ነበር፣ አውቃለሁ። ግን እኔ አልጠየቅሁትም።

ታኅሣሥ 11፣ ማክሰኞ

እትዬ ነፊሳ በር ላይ ጠበቁኝ። "ምን አሉ?" እየታየ ነው።

ጥር 13፣ ቅዳሜ

ከኑርሑሴን ደብዳቤ መጣ። እትዬ ነፊሳ ዓይናቸው አያሳያቸውም፤ አንብቢልኝ ብለው ይዘውት መጡ።

ደኅና ነው። ጫማው ጠቦታል። ብስክሌቱን ለማንም እንዳያውሱበት፣ በተለይ ለአክስቱ ልጅ ለሙሔ፤ ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። ከታች ደግሞ... "ለየሺ ንገሪያት፤ ስሕተቱ እስኪታረም ተኩስ እየተማርሁ ነው፣ አትቸኩል።" ያሾፋል! ማንበቤን አቆምሁ።

"ምን አለ? ምን አለ?"

"ሰላም በሉልኝ ነው የሚል።"

ቁጭ ብዬ መልሱን ጻፍሁላቸው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ "የሺ እየታየ ነው ብላለች በይልኝ" አሉ። ጻፍሁት። በገዛ እጄ።

የካቲት 6፣ ሰኞ

ሁለተኛ ዙር ታዘዘ። ከከተማው የቀሩት ቀበሌዎች፣ ሰባታሚት፣ ዘንዘልማ፣ እስከ መራዊ።

ከታኅሣሥ ወዲህ ሁለቱን ኮምፓይለር በየዲስኬታቸው አድርጌ ነው የምሠራ። ጠዋት ለአገኘሁ ሐይቅ አዲሱን እጭናለሁ። ከሰዓት አጥፍቼ ለምዝገባው አሮጌውን። አሰልቺ ነው፤ ግን አይምታታም። ለሙከራ በአሮጌው አውጥቼ ለጓድ አዘዘ ወሰድሁለት። 508። የመጣው ኮታ 560።

"በየትኛው ነው ያወጣሽው?" አለኝ።

"በአሮጌው። በትክክለኛው።"

"በአዲሱ አውጪው።"

ድንቄም! ኅዳር ላይ ኮምፓይለር የሚበላ ይሁን የሚጠጣ የማያውቅ ሰውዬ ዛሬ አማርጦ ያዝዘኛል። ስሕተቱን የነገርሁት እንዲያርመው ነበር። እሱ መሣሪያ አደረገው። በአዲሱ 562 እንደሚመጣ ቆጥሬዋለሁ፤ ሃምሳ አራት ጳጉሜኖች አሉ።

"በጽሑፍ ይዘዙኝ" አልሁት።

ሳቀ። "ኮታው በዝርዝር ካልሞላ በአፈሳ ነው የሚሞላው። ከመንገድ ያገኙትን፤ የአሥራ አምስት ዓመቱንም። የቱ ይሻልሻል?"

ዝርዝሬን ይዤ ወጣሁ። የመጨረሻው ዝርዝር የሚወጣው የካቲት 27 ነው። እስከዚያ ከየቀበሌው የሚመጣ የእርማት ቅጽ ሁሉ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

የእርማት ቅጽ...

የካቲት 8፣ ረቡዕ

ለእትዬ ነፊሳ ነገርኋቸው። ሱቃቸው ድረስ ሄጄ፣ ሁሉንም። ጳጉሜንን፣ አዲሱን ኮምፓይለር፣ አዘዘን። መለኪያውን ሜትር እንደያዙ ሰሙኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ሳይጫን በፊት ታውቂ ነበር?"

"አራት ቀን።"

"ምሳ ይዤ ስመላለስ?"

"አዎ።"

በመለኪያው ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። አልመቱኝም። ዞረው ጨርቅ ማጠፍ ጀመሩ። የቀረውን ለጀርባቸው ነገርሁ። ጳጉሜን ተብሎ የተጻፈ ልጅ በዚህ ዙር ያለ ዕድሜው ይጠራል። እናቱ ሁለት ምስክር ይዛ ቀበሌ ሄዳ ወሩን ካስያዘች ግን፣ ሐምሌም ይሁን ነሐሴ፣ አይነካውም። ቅጹ ማኅተም ካለው አዘዘም ምንም አያደርገው። እኔ በየቤቱ ብዞር በማግሥቱ ያስሩኛል። የእሳቸው ሱቅ ግን የማይገባበት እናት የለም።

"ልዘጋ ነው" አሉኝ። ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ

አራት የእርማት ቅጽ መጣ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ።

የካቲት 18፣ ቅዳሜ

እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ። ቅጹን የሚያመጣው ጸሐፊ "ወይ ጉድ! የዚህ አገር ሰው ሁሉ ክረምት ነው እንዴ የተወለደ?" ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። አንገቴን ደፍቼ አስገባሁ። አገኘሁ ያየኛል። ገብቶታል፤ ግን ሐይቁን ያሰላል።

ከቢሮ ስወጣ እህል ሻጯ ወለተ ኪዳን አስቆመችኝ። "አከራይሽ ነፊሳ አይደለች? የራሷ ልጅ ሄዶባት ለእኛ ልጆች ትሮጣለች። እንዴት ያለች ሰው ናት!" አዎ፣ እንዴት ያለች ሰው ናት አልሁ። እትዬ ነፊሳ እኔን ካናገሩኝ አሥር ቀናቸው።

የካቲት 25፣ ቅዳሜ

ለመራዊ ማን ይንገር? ዛሬ አውቶቡስ ልሳፈር ሄድሁ። ገበያ መሀል ገብቼ የማን እናት ናችሁ ልል ነበር? አንድ የመምሪያው ሾፌር "ወዴት ነው የሺ?" አለኝ። "ሰው ልሸኝ" ብዬ ተመለስሁ። የእኔ ጀግንነት እስከ አውቶቡሱ በር ነው።

የካቲት 27፣ ሰኞ

በአዲሱ አወጣሁት። እንደታዘዝሁ።

531።

"ሌላው የት ሄደ?" አለ አዘዘ። "መዝገቡ ታረመ" አልሁ፤ ሠላሳ አንዱን ቅጽ አስቀመጥሁለት። አንድ በአንድ ገለጠ። ማኅተም፣ ፊርማ፣ ምስክር። ቀና ብሎ አየኝ። እንደገባው አወቅሁ። እሱም እንዳወቅሁ አወቀ። ግን ምን ይበል? የበፊቱን ዝርዝር የፈረመ እሱ ነው።

"እንግዲህ ሃያ ዘጠኙ ከመንገድ ይሞላሉ" አለና ፈረመ።

ከከተማውና ከሰባታሚት አንድም ጳጉሜን የለም። ከዘንዘልማ ስድስት፣ ከመራዊ አሥራ ሰባት። ዛሬ ስሞቹን አነበብሁ። ሃያ ሦስቱንም፣ ከነአባታቸው። አላውቃቸውም። እናቶቻቸው እትዬ ነፊሳ ሱቅ አይገቡም፤ ይኸው ነው ጥፋታቸው። ደግሞስ እነዚያ ሃያ ዘጠኙ? ስም እንኳ የላቸውም ገና። አሁን በየመንገዱ እየሄዱ ነው።

አዳንሁ ልበል? ኤዲያ!

መጋቢት 2፣ ቅዳሜ

እትዬ ነፊሳ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዛሬ በሬን አንኳኩ። ወንበር አቀረብሁ፤ አልተቀመጡም።

"እናቶቹ ሱቄ እየመጡ መረቁኝ" አሉ። "ያንቺን ስም ለማንም አላነሣሁም።"

"ደግ አደረጉ።"

"ላንቺ ብዬ አይደለም። ለልጆቹ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

መሀረባቸውን ይጠመዝዛሉ። ስድብ ጠበቅሁ፤ እርግማንም ቢሆን እሺ ነበር።

"ወሩ ሲሞላ ክፍሉን ልቀቂልኝ" አሉ። "ልጎዳሽ ፈልጌ አይደለም፣ አላህ ያውቃል። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለሺ ኮቴሽን ስሰማ እሱ የመጣ ይመስለኛል። በየቀኑ እነሣለሁ። በየቀኑ አንቺ ነሽ።"

እሺ አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ወሩ እስኪሞላ ሃያ ስምንት ቀን አለ። ሲመሽ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ግቢውን በባዶ እግሬ ተሻገርሁ።